«ፀሐይ ወጣችልሽ?»

እናቴ ስትደውል የጤናዬን ነገር ጠይቃ ሳትጨርስ የምታስከትላት ጥያቄ አለች። «ፀሐይ ወጣችልሽ?» ከኅዳር እስከ ጥር መልሴ አንድ ነው። «አልወጣችም እማዬ።» እሷም የሆነ ጥፋት ሠርተን የተከለከልን ይመስል «ምነው ልጄ፣ ምን በደላችሁ?» ትላለች። ያኔ አዲስ አበባ በረንዳዋ ላይ ጀርባዋን ለጠዋት ፀሐይ ሰጥታ እንደተቀመጠች ድምፅዋ ያስታውቃል።

እኔ ያለሁት ስቶክሆልም ነው። ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ የሀገሬን አቆጣጠር የሚከተል ሰዓት ሰቅያለሁ። የሚቆጥረው የስዊድንን ጊዜ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን የእኛ ነው። ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ቀንና ሌሊት ይለዋወጣሉ ብሎ የሚያምን የዋህ ሰዓት። በታኅሣሥ ያሾፍብኛል። 12 ሰዓት ይሞላል፣ ውጪው ድቅድቅ ነው። 1 ሰዓት፣ 2 ሰዓት፣ አሁንም ጨለማ። ፀሐይ ብቅ የምትለው 3 ሰዓት ለመሆን ሩብ ጉዳይ ሲቀረው ነው። ከዚያ ጣሪያ ለጣሪያ ትንፏቀቅና ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በጠቅላላው 6 ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፤ ያውም ደመናው ከፈቀደ። ሳምንት ሙሉ ሳላያት የቀረሁበት ጊዜ አለ። ጨለማ ሥራ ገብቼ፣ ጨለማ ከሥራ ወጥቼ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሰው ለምን ፀሐይን እንዳመለከ ገባኝ። ሃይማኖቴን ቀየርኩ ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ ላይ ደመናው ተሰነጠቀና ብርሃን ወረደ። ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ዓይናችንን ጨፍነን ፊታችንን ወደ እሷ አዞርን። ማንም ማንንም አላዘዘም። ባቡሩ መጥቶ በሩ ሲከፈት ቶሎ የገባ አልነበረም።

የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። በእነሱ ዲሴምበር 13፣ በእኛ ታኅሣሥ 4፣ ሳይነጋ ልጆች ይመጣሉ። ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ቀይ መቀነት ታጥቀው፣ ፊት የምትሄደው ልጅ አናቷ ላይ የሻማ አክሊል ደፍታ። የዛሬው ሻማ በባትሪ ነው። መብራቱ ሁሉ ይጠፋና በኮሪደሩ እየዘመሩ ያልፋሉ። ሉሲያ ይሏታል። የሲሲሊ ሰማዕት ናት፣ ስሟም ከላቲኑ «ብርሃን» የወጣ ነው። ጣሊያናዊት ቅድስት የሉተራን ሀገር ላይ እንዲህ ስትነግሥ የሚገርም ነው፤ ቅዱሳንን ማክበር የተዉ ሰዎች እሷን ግን አልተዉም። በሳፍሮን ቅመም ቢጫ የሆነ ዳቦም ይታደላል። ድርሻዬን አልመልስም።

የማስታምማቸው አንዲት አዛውንት አሉ፣ ዘጠና ያለፋቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰልፉ ሲያልፍ እጄን ይዘው «የሴት አያቴ ይህች ሌሊት ከሁሉ ትረዝማለች፣ ከብቶች እንኳ ይናገሩባታል ትል ነበር» አሉኝ። ከብቱን ተውኩትና ሌሊቱ ላይ ቆየሁ። ረጅሙ ሌሊት ዲሴምበር 21 አይደለም እንዴ?

ቤት ገብቼ አገላብጬ አየሁት። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አያትየው አልተሳሳቱም። ስዊድን እስከ 1753 የቆየችው በዩልዮስ ቄሣር ቀን አቆጣጠር ነበር። ያ አቆጣጠር ዓመቱን በ11 ደቂቃ ያህል ያስረዝመዋል። ደቂቃ ናት ብለው ሲንቋት ተጠራቅማ ቀን ሆነች፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ረጅሙ ሌሊት እየተንሸራተተ ዲሴምበር 13 አካባቢ ወድቆ ነበር። አቆጣጠሩ ሲስተካከል ፀሐይ ወደ 21 ሄደች። ተረቱና ሻማው ግን በቦታቸው ቀሩ።

እዚህ ላይ የእኛ ገና ትዝ አለኝ። ፈረንጅ ጓደኞቼ «እናንተ ለምን በጃንዋሪ 7?» ሲሉኝ «ባህላችን ነው» እያልኩ አልፍ ነበር። ለካ እኛም ከዚያው ሠፈር ነን። ታኅሣሥ 29 ማለት በዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። ያ አቆጣጠር በወጣበት ዘመን ደግሞ ሮማውያን ዲሴምበር 25ን የዓመቱ አጭር ቀን ብለው ይቆጥሩት ነበር። እናቴ ታኅሣሥ 29 ሌሊት ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ስትቆም፣ የቆመችው የጥንት ሮማውያን «ፀሐይ ተመለሰች» ባሉበት ቀን ላይ ነው። ይህን ነግሬያት አላውቅም። እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ።

የገና ቀን ከየት መጣ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን በ274 ሮም ላይ ለማይሸነፈው ፀሐይ ቤተ መቅደስ አቆመ። በ354 የተጠናቀረ አንድ የሮም የቀን መቁጠሪያ ዲሴምበር 25ን የማይሸነፈው ልደት ይለዋል። ያው ጥራዝ፣ ሌላ ገጽ ላይ፣ ያንኑ ቀን የክርስቶስ ልደት ብሎ መዝግቦታል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «ቤተ ክርስቲያን የአረማውያንን በዓል ወረሰች» ይላል። ኢንተርኔቱም በየዓመቱ በታኅሣሥ ይህንኑ ይጮኻል።

ሌላው ወገን ግን ሒሳብ ነው ይላል። የጥንት ክርስቲያኖች ጽንሰቱን ማርች 25 ላይ አደረጉት፤ 9 ወር ሲቆጥሩ ዲሴምበር 25 ወጣ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ሣቄ መጣ፤ የእኛ ሰው ይህን የሚያውቀው በእንግሊዝኛ ከመጻፉ በፊት ነው። መጋቢት 29 ጽንሰት፣ ታኅሣሥ 29 ልደት፣ በመካከሉ 9 ወር ከ5 ቀን። ሰንበት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ይመልሰዋል። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ገና ወደ ታኅሣሥ 28 የሚሳበውም ለዚሁ ነው፤ 5ቱ ቀን 6 እንዳይሆን። ቆጠራውን እስከዚህ ድረስ ለሚጠነቀቅለት ሕዝብ «በዓልህን ከፀሐይ አምላኪ ሰረቅህ» ማለት ትንሽ ይከብዳል።

እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የሮሙ ጳጳስ ሊዮን አንድ የልደት ስብከቱ ላይ ተቆጥቶ የተናገረው አለ። ምእመናኑ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ይወጡና፣ ከመግባታቸው በፊት ዞር ብለው ለምትወጣዋ ፀሐይ ጎንበስ ይላሉ። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ባቡር ጣቢያው ላይ አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ደግሞስ መጽሐፉ ራሱ፣ በሚልክያስ፣ «የጽድቅ ፀሐይ ትወጣላችኋለች» ይል የለ? አባባሉ የእናቴን ጥያቄ ይመስላል።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት ኢራናዊት አለች። አንድ ዓመት ዲሴምበር 20 ማታ በሬን አንኳኩታ «ዛሬ ብቻሽን አትተኚም፣ ሌሊቱ ረጅም ነው» ብላ ይዛኝ ወጣች። ጠረጴዛው ቀልቷል። የተፈለፈለ ሮማን፣ የተቆረጠ ሐብሐብ፣ ለውዝ፣ ሻማ። በዚያ ብርድ ሐብሐብ ከየት እንዳመጣች እንጃ። አባቷ የፋርሱን ባለቅኔ የሐፊዝን የግጥም መጽሐፍ በዘፈቀደ እየከፈቱ ለእያንዳንዳችን ዕጣ ፈንታችንን አነበቡልን። የእኔን ተረጎሙልኝ፤ ትዕግሥት የሚል ነገር ነበረበት። ለስደተኛ ሁልጊዜ ትዕግሥት ነው የሚወጣለት። እስኪነጋ ይበላል፣ ይወራል፤ ጨለማውን በሥራ ብዛት ማሸነፍ እንደማለት።

«የበዓሉ ስም ማን ነው?» አልኳት። «ያልዳ።» «ትርጉሙስ?» «ልደት ማለት ነው፣ ከሶርያ ክርስቲያኖች የወሰድነው ቃል ነው።» ያልዳ፣ ወለደ፣ ልደት። ሮማኔን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ሱርስትና ግእዝ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ቃሉ ዘመዴ ነው። ሙስሊም ኢራናውያን የጥንት ሌሊታቸውን በክርስቲያን ቃል እየጠሩ፣ እኔ ኦርቶዶክሷ ተጋብዤ ሮማን እየበላሁ። ማን ከማን ወሰደ ብሎ መካሰስ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሞኝነት ይመስል ነበር።

አይሁድ ደግሞ ከሁሉም የምወድደውን ተረት በታልሙድ፣ በሊቃውንቶቻቸው መጽሐፍ፣ አስቀምጠዋል። አዳም ቀኑ እያጠረ ሲሄድ አየ። «ወዮልኝ፣ በኃጢአቴ ምክንያት ዓለም እየጨለመብኝ ነው፣ ከሰማይ የተፈረደብኝ ሞት ይህ ነው» ብሎ 8 ቀን ጾመ፣ ጸለየ። ከዚያ ቀኑ መርዘም ጀመረ። «ለካ የዓለም ልማዷ ነው» አለና 8 ቀን በዓል አደረገ። ታልሙዱ ሲጨርስ፣ አዳም ያቋቋማቸው ለፈጣሪ ነበር፣ በኋላ የመጡት ለጣዖት አደረጓቸው ይላል። ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ ፀሐይን የሚጠብቀውን አዳምን ሳስብ እናቴ ትመጣብኛለች። «ምን በደላችሁ?»

እኛስ? ከፀሐይ ጋር ታሪክ የለንም እንዳይባል፣ አለን። በክብረ ነገሥት ንግሥተ ሳባ ሰሎሞንን ስታነጋግር፣ አባቶቻችን እንዳስተማሩን ፀሐይን እናመልካለን ትለዋለች። በቁርኣን ሱረቱ ነምል ደግሞ ሁድሁድ የተባለው ወፍ ለሱለይማን ወሬ ያመጣል፤ ሴትዮዋንና ሕዝቧን ለፀሐይ ሲሰግዱ አገኘኋቸው ብሎ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለ እሷ በዚህ ይስማማሉ። የአክሱም ነገሥታት ገንዘባቸው ላይ ጨረቃና ክብ ያስቀርጹ ነበር፤ ክቡን ብዙዎች ፀሐይ ነው ይሉታል። ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ሁለቱን አንሥቶ መስቀል ተካበት። ሮም ላይ ያ የቀን መቁጠሪያ በሚጠናቀርበት ዘመን አካባቢ መሆኑ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ጥፍር አያህልም። በዚያች ላይ ነው ፀሐይ ወርዳ መስቀል የወጣው።

ግን ረጅሙን ሌሊት የሚጠብቅ በዓል የለንም። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 12 ላይ ይውላል። ቅዱስ ሚካኤል ነው። ሰው ይሳለማል፣ ጠበል ጻዲቅ ይቀምሳል። ስለ ፀሐይ የሚያነሣ የለም። እናቴን «ዛሬ ከዓመቱ አጭሩ ቀን እኮ ነው» ብላት «ማን አለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ምድር ዘንበል ብላ ስለምትዞር ነው ቀኑ የሚረዝምና የሚያጥረው፤ ከወገቧ በራቅሽ ቁጥር ይብስብሻል። አዲስ አበባ ላይ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያልፋል፣ ረጅሙ ደግሞ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነቱ 1 ሰዓት ቢሆን ነው። ለዚህ ተብሎ ችቦ አይለኮስም።

የሚገርመው መጽሐፎቻችን ሌላ ሰማይ ያውቃሉ። ስንክሳሩ ታኅሣሥን ሲጀምር የቀኑ ርዝመት 9 ሰዓት ነው ይላል፤ ሌሊቱ 15 መሆኑ ነው። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ ይብሳል፤ ቀንና ሌሊቱን 18 ቦታ ከፍሎ፣ ፀሐይ በመጀመሪያው በር ስትወጣ ቀኑ 6 እጅ፣ ሌሊቱ 12 እጅ ይሆናል ይላል። ይህ የጎንደርም የላሊበላም ሰማይ አይደለም፤ ቁጥሩ ከሰሜን የመጣ እንግዳ ነው። ግን ስንቱ መነኩሴ ታኅሣሥ ላይ «ቀኑ 9 ሰዓት» ብሎ አንብቦ፣ ወጥቶ ፀሐይዋን አይቶ፣ ዝም ብሎ ይሆን? እኔ ስቶክሆልም መጥቼ ነው ስንክሳሩን ያመንኩት። እዚህማ 9 ሰዓት ቅንጦት ነው።

እዚህ ያለን ሐበሾች «ዊንተር»ን «ክረምት» እያልን እንተረጉማለን። ትርጉሙ ሁሉን ያደናግረዋል። ታኅሣሥ ለእናቴ በጋ ነው፤ ውርጭ ያለው በጋ፣ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ። የእኛ ጨለማ ሐምሌ ነው። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ለስሙ ከፍ ብላ ትሄዳለች፣ ግን አትታይም። ጭቃ፣ ጉም፣ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ይዘጋል፣ ጎተራው ይሟጠጣል። ከዚያ ቡሄ ይመጣል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት።» ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬ ትርጉሙን ያገኘሁት ኮሪደር ላይ ሻማ የደፋችውን ልጅ ሳይ ነው። ክረምቱን ሌሊት አድርገነዋል። ቡሄ ዶሮው ነው። ችቦው የሚበራው ነሐሴ 13 ዋዜማ ነው፣ ከዚያ እንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከዚያ ደመራ። አዲሱ ዓመት ሲገባ ደግሞ «መስከረም ጠባ» እንላለን። ሌሊት እንደሚጠባ፣ ዓመቱ ጠባ። ኦሮሞዎችም ኢሬቻን የሚያከብሩት የክረምቱን ጨለማ ተሻግረው «ቢራ» ሲገባ ነው። በአማርኛ «ሰማዩ ብራ ሆነ» ስንል የምንሰማው ቃል ጎረቤት።

እንዲህ ብዬ ነገሩን ጨረስኩት። ሰው እሳቱን የሚለኩሰው ጨለማው በሚመጣበት በር ላይ ነው፤ የእነሱ በታኅሣሥ፣ የእኛ በነሐሴ። ደስ ብሎኝም ነበር። ከዚያ ስለ ኢንካዎች አነበብኩ።

ዋና ከተማቸው ኩስኮ፣ ፔሩ ውስጥ፣ ከምድር ወገብ ሩቅ አይደለችም፤ 13 ዲግሪ ተኩል ደቡብ። ቀኑ እዚያም ብዙ አያጥርም። ሆኖም ኢንካዎች በጁን፣ ያ ለእነሱ የዓመቱ አጭር ቀን ነው፣ ለፀሐይ አባታቸው ለኢንቲ ታላቁን በዓላቸውን ያደርጉ ነበር። ስፔናውያን በ1572 ከለከሉት፤ በ1944 እንደገና ተነሣ፣ ዛሬ ጁን 24 ላይ ይከበራል። ሒሳቤ ፈረሰ። ቀኑ ካላጠረባቸው ምን ናፈቃቸው? ከዚያ ከፍታዋን አየሁ፤ 3,400 ሜትር። ጁን ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ሲሞቋት ታየኝ። ይህን ደግሞ ከደብረ ብርሃን እስከ ስሜን የማያውቅ የለም፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የታኅሣሥ ብርድ እስኪለቀው ፀሐይ የሚሞቀው ሰው። ደጋው ላይ የቆሙት ሁሉ ጸሎታቸው ይቀራረባል መሰለኝ፤ ሒሳቤን ግን አልጠገንኩትም፣ እንደፈረሰ ይቀመጥ።

ከሁሉም የሚያስቀናኝ የአየርላንዱ ኒውግሬንጅ ነው። ከ5,000 ዓመት በፊት የተሠራ መቃብር ነው፣ የጊዛ ፒራሚዶች ሳይኖሩ። ከበሩ በላይ ትንሽ መስኮት አለች። በዲሴምበር 21 አካባቢ ባሉት ጠዋቶች ፀሐይ በዚያች ገብታ 19 ሜትር መተላለፊያ አቋርጣ የውስጡን ክፍል ለ17 ደቂቃ ታበራዋለች። ኦኬሊ የተባለ አርኪዮሎጂስት በ1967 ብቻውን ገብቶ ተቀምጦ አያት። ዛሬ ለመግባት ዕጣ ይወጣል። ዕጣ ወጥቶልህ፣ ገብተህ ተቀምጠህ፣ ውጪው ደመና ከሆነ ግን ምንም አታይም። የአየርላንድ ታኅሣሥ ደግሞ የታወቀ ነው። ያንን ሁሉ ድንጋይ አቁመው፣ ስንት ዓመት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው «ዘንድሮም ደመና ነው» ብለው የወጡትን ሰዎች አስባለሁ።

አዛውንቷ ስለ ድሮ የስካንዲኔቪያ አማልክትም ነግረውኛል። ፀሐይ ሴት ናት፣ በሠረገላ ትሸሻለች፣ ስኮል የሚባል ተኩላ ያሳድዳታል። እኛም በሴት ነው የምንጠራት አልኳቸው። ተኩላ የለንም፤ ፀሐይና ዝናብ አንድ ላይ ሲመጡ ግን «ጅብ ወለደች» እንላለን። በጣም ሣቁ። ተኩላው ቢይዛት ምን እንደሚሆን ጠየቅኳቸው። «የዓለም መጨረሻ ነዋ» አሉ፣ ቡናቸውን እያማሰሉ።

ልጄ የተወለደው ኅዳር ላይ ነበር። እናቴ በስልክ «ቅባት ቀብተሽ ፀሐይ አሙቂው፣ አጥንቱ ይጠናል» ትላለች። የክትትል ነርሷ ደግሞ ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ፤ የቫይታሚን ዲ ጠብታ፣ በቀን 5። በማንኪያ እየሰጠሁት «ይኸውልህ፣ አያትህ የላከችልህ ፀሐይ» እለው ነበር።

ዘንድሮ ታኅሣሥ 13 ጠዋት አዛውንቷ ክፍል ስገባ በመስኮት ያያሉ። ውጪው ጥቁር ነው። «ተመለሰች» አሉኝ። «የት አለች?» አልኳቸው። ስዊድኖች የሚሉት ነገር አለ፤ ከዚህ በኋላ ቀኑ በአውራ ዶሮ እርምጃ ይረዝማል። በመጀመሪያ ሰከንዶች ናቸው፣ ማንም አያያቸውም። እሳቸው ግን አውራ ዶሮው እግሩን ሲያነሣ ያዩ ይመስሉ ነበር።

ገና ዕለት እናቴ ደወለች። ከኋላዋ ጫጫታ አለ፣ ሰው ሞልቷል።

«ፀሐይ ወጣችልሽ?»

«ቀኑ ከ20 ደቂቃ በላይ ጨምሯል እማዬ። በአውራ ዶሮ እርምጃ ነው የሚረዝመው ይላሉ እነሱ።»

ትንሽ ዝም አለች።

«አውራ ዶሮውንስ እኛ ሌሊት አርደነዋል» አለችኝ።